ጣፋጭ ድምፅ በቀላል ዋጋ፦ የትኛውን ቲን ዊስል እንግዛ?

ቲን ዊስል የሚባለውን ትንሽ የትንፋሽ መሣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ዋጋው ነው። የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ታላላቅ ተጫዋቾች ያደጉበት መሣሪያ ከ10 እስከ 20 የአሜሪካ ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ከግርምቱ ቀጥሎ ጥርጣሬው ይመጣል። በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ነገር ጆሮ ከመብሳት ሌላ ምን ይሠራል? ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዳንዶቹ በእርግጥ ጆሮ ይበሳሉ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የዊስል ጣዕም በአብዛኛው የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው መንፊያው እንዴት እንደተሠራ ነው። ሁለተኛው ቱቦው ምን ያህል ረዥም እንደሆነ፣ ማለትም በምን ኪይ (መነሻ ድምፅ) እንደተቃኘ ነው። ሻጮች ግን አብዝተው የሚያወሩት ስለ ብረቱና ስለ ቀለሙ ነው። እሱን ለጊዜው እንተወው።

ዊስል፣ ዋሽንትና ሪኮርደር

ቲን ዊስል ስድስት ቀዳዳ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። የተለመደው የዲ ዊስል፣ ማለትም መነሻ ድምፁ ዲ (D) የሆነው፣ ርዝመት 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ጫፉ ላይ ምንቃር የመሰለ መንፊያ አለው። ዋሽንት የሞከረ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። ዋሽንት ላይ ከንፈርን አስተካክሎ ትንፋሹን ወደ ቱቦው ጠርዝ የሚልከው ተጫዋቹ ነው። ድምፅ እስኪወጣ ድረስ ራሱ ጊዜ ይፈጃል። ዊስል ላይ ግን ይህን ሥራ መንፊያው ይሠራዋል። በውስጡ ጠባብ የትንፋሽ ቦይ አለ። ቦዩ ትንፋሹን ከፊት ለፊቱ ካለው ስለት ላይ ያሳርፈዋል፤ ድምፁ የሚወለደው እዚያ ነው። ስለዚህ ሕፃን ልጅም ቢሆን ባንድ ትንፋሽ ድምፅ ያወጣል።

ይህ ቅለት ግን መዘዝ አለው። ዋሽንት ነፊ መጥፎ ድምፅ ሲሰማ በከንፈሩ ያርመዋል። ዊስል ነፊ ይህ ዕድል የለውም። በእጁ ያለው የትንፋሹ ብርታትና ጣቶቹ ብቻ ናቸው። መንፊያው ሻካራ ከሆነ ድምፁም ሻካራ ነው። ለዚህ ነው ምርጫው እዚህ መሣሪያ ላይ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው።

ከሪኮርደር ጋር ደግሞ አታምታቱት። ሪኮርደር ከፊት ሰባት፣ ከኋላ ለአውራ ጣት አንድ ቀዳዳ አለው። አጣጣሉም የተለየ ነው። ዊስል ጨርሶ ካልተገኘ ጥሩ የፕላስቲክ ሪኮርደር መግዛት ሞኝነት አይደለም። ያማሃ የሚሠራቸው የተማሪ ሪኮርደሮች ርካሽ ናቸው፣ በትክክልም የተቃኙ ናቸው። ግን ያ ሌላ መሣሪያ ነው፣ ሌላ ልምምድ ይጠይቃል።

ጣዕሙ ከየት ይመጣል?

ከመንፊያው እንጀምር። የትንፋሽ ቦዩ ሰፊ ከሆነ ብዙ አየር ይጠጣል፣ ድምፁም ትንፋሽ ትንፋሽ ይላል። ጠባብ ከሆነ ድምፁ ይጠራል፣ ትንፋሽም ይቆጥባል፤ ምራቅ ግን ቶሎ ይደፍነዋል። ስለቱ ንጹሕና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ከፕላስቲክ በሚቀረጹ ርካሽ መንፊያዎች ላይ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው። ከቅርጹ የተረፈች የፀጉር ያህል ፕላስቲክ ስለቱ ላይ ትቀራለች፣ ከዚያ ድምፁ ይንሳፈፋል ወይም ይጮኻል። ሁለት አንድ ዓይነት ዊስሎች ከአንድ ሳጥን ወጥተው አንዱ ጣፋጭ፣ ሌላው ጯሂ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ቀጥሎ ቱቦው። ሰፊ ቱቦ የታችኛውን ኦክታቭ (አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ያለውን የድምፆች ረድፍ) ወፍራምና ሙሉ ያደርገዋል። የላይኛውን ለማውጣት ግን ጠንከር አድርጎ መንፋት ያስፈልጋል። ጠባብ ቱቦ ተቃራኒው ነው፤ ላይኛው በቀላሉ ይወጣል፣ ታችኛው ግን ይሳሳል። አንዳንድ ዊስሎች ከላይ ሰፍተው ወደ ታች እየጠበቡ ይሄዳሉ። እነዚህ ድምፃቸው ለስለስ ይላል፣ ሁለቱ ኦክታቮችም ይበልጥ ይስማማሉ። በኔ ጆሮ ጣፋጭ የሚባለው ድምፅ በብዛት ያለው ከእነዚህ ዘንድ ነው።

ብረቱስ? ነሐስም ይሁን ኒኬል የተቀባ፣ ቱቦው ያው ከሆነ ልዩነቱን በጆሮ መለየት ከባድ ነው። ልዩነት የሚመጣው በእጅ ላይ ነው። ነሐስ ይጠቁራል፣ ጣት ላይም ሽታ ይተዋል። ኒኬል ደግሞ ቆዳው ለኒኬል የሚቆጣ ሰው ያሳክከዋል። የጆሮ ጌጥ የሚያሳክካችሁ ከሆነ ነሐሱን ወይም ፕላስቲኩን ያዙ።

ርካሾቹ አንድ በአንድ

ታሪኩ የሚጀምረው ከክላርክ ነው። ሮበርት ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1843 በሰፎክ አውራጃ፣ ኮኒ ዌስተን በተባለች መንደር ቆርቆሮ ጠቅልሎ ዊስል መሥራት ጀመረ። በኋላ የኢንዱስትሪ ከተማ ወደነበረችው ማንቸስተር ተሻገረ። መሣሪያው ርካሽ ስለነበር በእንግሊዝም በአየርላንድም የድሃው ሕዝብ መሣሪያ ሆነ። ኩባንያው ዛሬም አለ፣ ያንኑ ዊስል ዛሬም ይሠራል። ቱቦው ከቆርቆሮ የተጠቀለለና ወደ ታች የሚጠብብ ነው። መንፊያው ውስጥ የፕላስቲክ ሳይሆን የእንጨት ውታፍ አለ።

የዚህ የድሮው ክላርክ ድምፅ ለየት ያለ ነው። ትንፋሽ ይበዛበታል፣ ንፋስ ያለበት ድምፅ ነው። የዋሽንትን ጠባይ የሚወድ ሰው ይህን ይወደዋል ብዬ አስባለሁ። ያ «ሽሽ» የሚለው ነገር ከዜማው ሥር ሁልጊዜ አለ። ጉዳቱ ትንፋሽ መጨረሱ ነው። ረዥም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ ጀማሪ ይቸገራል። ብረቱ ስስ ስለሆነ የመንፊያውን የላይኛውን ከንፈር በጣት በጥቂቱ ተጭኖ ቦዩን ማጥበብ ይቻላል። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ድምፁም ይሰበሰባል። በጥቂቱ ግን። አንዴ ከተጣመመ መመለሱ ከባድ ነው። የእንጨት ውታፉም ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ማደር አይወድም።

የዚሁ ኩባንያ ሁለተኛው ሥራ ስዊትቶን ነው። አሜሪካዊው የዊስል ሠሪ ማይክል ኮፕላንድ መንፊያውን የነደፈለት ሲሆን ቱቦው እንደ ድሮው ወደ ታች ይጠብባል። የእንጨቱን ውታፍ በፕላስቲክ መንፊያ ተክተውታል። ውጤቱ ጥሩ ነው። ትንፋሽ አይጨርስም፣ የላይኛው ኦክታቭ በቀላሉ ይወጣል፣ ድምፁም አይጮኽም። «አንድ ብቻ ንገረኝ» የሚለኝ ሰው የምነግረው ይህን ነው። የሚነሳበት ቅሬታ ድምፁ አነስ ይላል የሚል ነው። አኮርዲዮንና ቫዮሊን ባለበት ቡድን ውስጥ ሊዋጥ ይችላል። ለቤት፣ ለጎረቤትና ለሕፃን እንቅልፍ ግን ይህ ጸጋ ነው። ሜግ የሚባለው ደግሞ የስዊትቶን ርካሹ ወንድም ነው። አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፣ ጌጡ ቀንሷል። ለልጆች ክፍል ብዙ ዊስል የሚገዛ ሰው ሜግን ቢያይ ይሻለዋል።

ጄነሬሽን ሌላው የእንግሊዝ ስም ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ ላይ የፕላስቲክ መንፊያ ነው፣ ነሐስ ወይም ኒኬል። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ርካሽ ዊስሎች የተቀዱት ከዚህ አሠራር ነው። ጥሩ ጄነሬሽን እጃችሁ ከገባ የሚያህለው የለም። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ፈጣን ዜማ ላይ የሚፈነጥዝ ነው። ችግሩ «ከገባ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ጥራቱ ይለያያል፣ ይህ በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ ወሬ ነው። ሱቅ ገብቶ ሦስት አራቱን ሞክሮ መምረጥ የሚችል ሰው ይግዛው። በኢንተርኔት የሚያዝ ሰው ግን ሎተሪ እየቆረጠ መሆኑን ይወቅ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የጄነሬሽን ቢ ፍላት ከዲው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጥማል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ፌዶግ አየርላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ይሠራል፣ አረንጓዴ መንፊያው መለያው ነው። ድምፁ ብሩህና ጠንካራ ነው። ለቡድን ይሆናል። ለብቻ ለሚነፋ ሰው ላይኛው ኦክታቭ ትንሽ ይሰልላል፣ እኔ ለጣፋጭ ድምፅ ፈላጊ አስቀድሜ አልመርጠውም። ዋልተንስም የደብሊን ነው። ተራው የዲ ዊስሉ ከፌዶግ ብዙም አይርቅም። ሜሎ ዲ የሚሉት ግን ቱቦው ሰፋ ያለ ነው፣ ስለዚህ የታችኛው ኦክታቭ ሞላ ብሎ ይሰማል። ዜማችሁ ዝግ ያለና ታች ታች የሚል ከሆነ ይህ ሊስማማችሁ ይችላል። ላይኛውን ኦክታቭ ለማውጣት ትንፋሽ ማጠንከር እንደሚኖርባችሁ አትርሱ።

በኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ስም የሌላቸው፣ በቀለም ያሸበረቁ፣ ከመጽሐፍና ከቦርሳ ጋር የሚሸጡ ዊስሎችም አሉ። አንዳንዱ ደህና ይሆናል። ግን የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ይህን ዕድል መሞከር አያስፈልግም። ቦርሳው ዜማ አይነፋም።

አሮጌ ዊስል ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ለመግዛት ለሚያስቡም አንድ ማስጠንቀቂያ። በጥንቶቹ ዊስሎች የመንፊያው ውታፍ ከእርሳስ የሚሠራበት ጊዜ ነበር። እርሳስ መርዝ ነው። እንደ ጌጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ አፍ ውስጥ ግን አይግባ፣ በተለይ የልጅ።

ዲ፣ ሲ ወይስ ቢ ፍላት?

መጽሐፉም፣ ቪዲዮውም፣ አስተማሪውም «ዲ ግዙ» ይላሉ። ምክንያት አላቸው። የአየርላንድ ዜማዎች በብዛት በዲና በጂ ኪይ ናቸው፣ ሁለቱም በዲ ዊስል ላይ ይወጣሉ። ከሌሎች ጋር አብሮ መጫወት ወይም ከቪዲዮ መማር የሚፈልግ ሰው ሌላ ምርጫ የለውም፣ ዲ ይግዛ።

ለብቻው የሚነፋ ሰው ግን ነፃ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉት ነገር ያለው። ዲ ዊስል በጣም ቀጭን ድምፅ ነው። የላይኛው ኦክታቭ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለነፊው ራሱ ጆሮ ይከብዳል። ሲ ዊስል ከዲ በአንድ ቶን ብቻ ይወርዳል፣ ልዩነቱ ግን ይሰማል። ቢ ፍላት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ክብ ድምፅ አለው፣ ከላይም አይጮኽም። አጣጣሉ አይለወጥም። በዲ የተማራችሁትን ዜማ ያው ጣት በሲም በቢ ፍላትም ይነፋዋል፣ ወፍራም ሆኖ ይወጣል እንጂ። ዋጋውም ያው ነው ማለት ይቻላል። የጣት ርቀቱ በጥቂቱ ይሰፋል፣ ለአዋቂ እጅ ችግር የለውም። ለትንሽ ልጅ ግን ዲ ይሻላል።

በወፍራሙ ዊስል ጣዕም ያገኙት አየርላንዳውያን ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በደቡብ አፍሪካዋ ጆሃንስበርግ የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሮች ወጣቶች ይህንኑ ርካሽ ዊስል አንስተው ክዌላ የሚባል የጎዳና ሙዚቃ ፈጠሩ። ስፖክስ ማሺያኔና ሌሚ ማባሶ ስማቸው የገነነ ነፊዎች ነበሩ። በቢ ፍላትና በጂ ዊስል ብዙ ተጫውተዋል፣ የጀርመኑ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ሆነርም ለዚያ ገበያ ዊስል ሠርቷል። መንፊያውን ወደ ጉንጫቸው አዘንብለው በመያዝ ድምፁን ያወፍሩት ነበር። የ10 ዶላር ዊስል ምን ያህል እንደሚጥም መስማት የሚፈልግ ሰው የነሱን ቅጂዎች ይፈልግ። ከአየርላንድ በኩል ደግሞ ሜሪ በርጊንንና የክሌር አውራጃውን ሚኮ ራስልን ስሙ። እሷ ፈጣንና ያጌጠች ናት፣ እሱ ዝግ ያለና ገራገር ነው። ከሁለቱ የትኛው ወደ ልባችሁ እንደሚቀርብ ማወቅ ለምርጫው ከማንኛውም ሠንጠረዥ የተሻለ ይረዳል።

በአራቱ ቅኝት ይነፋል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሐበሻ ብዙ ነው፣ መልሱም አስደሳች ነው። ዋሽንት በተለምዶ አራት ቀዳዳ አለው። በአንድ ዋሽንት የማይወጣው ዜማ ስለሚኖር ነፊው የተለያየ ርዝመት ያላቸው በርካታ ዋሽንቶች ይይዛል። ዊስሉ ስድስት ቀዳዳና ሁለት ኦክታቭ ስላለው በአንዱ ብዙ ማድረግ ይቻላል።

ቀዳዳዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ የሚወጣውን ድምፅ አንድ በሉት። ከታች አንድ ስትከፍቱ ሁለት፣ ሁለት ስትከፍቱ ሦስት፣ እያለ ሁሉም ሲከፈት ሰባት ይሆናል። ትንፋሽ ጠንከር አድርጋችሁ እንደገና ስትዘጉ ወደ ላይኛው ኦክታቭ አንድ ትመለሳላችሁ።

ሜጀር ትዝታ ከአንድ ተነስቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት ነው። ግማሽ ቀዳዳም ሆነ የተለየ አያያዝ አያስፈልገውም። ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ሊሞክረው ይችላል። ሜጀር ባቲም እንዲሁ ቀላል ነው፤ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ሰባት። ማይነር ባቲን ከሁለት ተነሱ፤ ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ከዚያ የላይኛው አንድ። አምባሰል ከሦስት ይነሳል፤ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ የላይኛው አንድ። ማይነር ትዝታን ከሁለት ተነስታችሁ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት ትላላችሁ፣ አምስተኛው ድምፅ ግን ከሰባት ግማሽ ቶን ዝቅ ያለው ነው። እሱን ለማውጣት ወደ አፋችሁ የሚቀርበውን ቀዳዳ ክፈቱ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ዝጉ፣ የቀሩትን ክፈቱ።

አንቺ ሆዬ ታስቸግራለች። ከሦስት ብትነሱ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት፣ ያ ዝቅ ያለው ሰባት፣ ከዚያ በላይኛው ኦክታቭ በአንድና በሁለት መካከል ያለ ድምፅ ነው። ይህ የመጨረሻው የታችኛውን ቀዳዳ በግማሽ መሸፈን ይጠይቃል። ይቻላል፣ ልምምድ ግን ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የጻፍኩት ቅኝቶቹ በፒያኖ በሚሰጡበት መልክ ነው። የባህል መሣሪያ ነፊ ድምፆቹን እንደ ጆሮው ትንሽ ከፍ ዝቅ ያደርጋቸዋል። ጣትን ከቀዳዳው ላይ በቀስታ እያንሸራተቱ በማንሳት ዊስሉ ላይም ያን መለማመጥ ማምጣት ይቻላል። ለዚህ ዓይነት አጨዋወት ሲ ወይም ቢ ፍላት ያስመርጠኛል። በዲ የሚነፋ ትዝታ ልጅነት ይበዛበታል።

ትንሽ መጨመር ለሚችል

ከርካሾቹ በላይ ያለው ደረጃ ላይ ቶኒ ዲክሰን የሚሠራቸው አሉ። ዴቨን በተባለው የእንግሊዝ አውራጃ የሚሠሩ የፕላስቲክ ዊስሎች ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ እያንዳንዱም ከሌላው ብዙ አይለይም። ይህ ለኢንተርኔት ገዢ ትልቅ ነገር ነው። ማስተካከያ ያለው ዓይነት ከሆነ መንፊያውን ሳብ ገፋ እያደረጋችሁ ከጊታር ወይም ከኪቦርድ ጋር ትስማማላችሁ። ፕላስቲክ መሆኑ አያሳፍርም። ብርድ ላይ ከብረት ይልቅ ለእጅም ለቅኝትም ይመቻል።

የሰሜን ካሮላይናው ሱሳቶም ፕላስቲክ ነው። እሱ ግን ጯሂ ነው። በትክክል የተቃኘና ጠንካራ ነው፣ ከፍ ባለ ድምፅ መሰማት ለሚፈልግ ጥሩ ነው። ጣፋጭና ለስላሳ ለሚፈልግ፣ ያውም አፓርታማ ለሚኖር፣ አልመክረውም።

ሌላም መንገድ አለ። አንዳንድ ባለሙያዎች ርካሾቹን ዊስሎች ገዝተው ስለታቸውንና ቦያቸውን በእጅ አስተካክለው ይሸጣሉ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሎተሪው ግን ይቀራል። ከዚያ በላይ እንደ ኪላርኒ ያሉ የነሐስ ዊስሎች አሉ፣ ከዚያም በላይ የማይክል በርክ ዓይነት ውድ የእጅ ሥራዎች። ግሩም ናቸው። ለመጀመሪያ ዊስል ግን አያስፈልጉም።

ሎው ዊስል የሚባለው ወፍራሙና ረዥሙ ዓይነት ብዙ ሰው በፊልም ሙዚቃ ሰምቶ ይመኘዋል። እንግሊዛዊው በርናርድ ኦቨርተን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለአየርላንዳዊው ፊንባር ፉሬ ከአሉሚኒየም ከሠራለት ወዲህ የተስፋፋ ነው። ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። የጣት ርቀቱም ሰፊ ስለሆነ ቀዳዳዎቹ የሚደፈኑት በጣት ጫፍ ሳይሆን በመካከለኛው የጣት ክፍል ነው። መጀመሪያ ትንሹን ተማሩ።

ስትገዙና ከገዛችሁ በኋላ

ውጭ አገር ያለ ሰው ከሙዚቃ ሱቅ መግዛት ከቻለ ሱቁ ይሻለዋል። ሁሉንም ቀዳዳ ዝጉና በጣም በቀስታ ንፉ። የታችኛው ድምፅ ሳይንሳፈፍ ከቆመ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ አጠንክሩ። ወደ ላይኛው ኦክታቭ ባንዴ ዘሎ ከሄደ መልካም፤ በመሃል ላይ ካንቋረረ ተዉት። በመጨረሻ አምስት ከፍታችሁ የላይኛውን ኦክታቭ ስድስተኛ ድምፅ አውጡ። ፊታችሁ ካልተጨማደደ ግዙት። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ ሸክም አይሆንበትም፣ ሻንጣ ጥግ ውስጥ ይገባል። ማዘዝ ግዴታ ከሆነ የማጓጓዣው ሒሳብ ከዊስሉ እንዳይበልጥ ሁለት በአንድ ላይ እዘዙ፣ አንድ ዲ፣ አንድ ሲ ወይም ቢ ፍላት።

ድምፁ አልጥም ካለ ከመጣላችሁ በፊት የሚሞከሩ ነገሮች አሉ። እንደ ጄነሬሽን፣ ፌዶግና ዋልተንስ ባሉት መንፊያ ውስጥ፣ ከትንፋሽ ቦዩ ሥር፣ ባዶ ጉድጓድ አለ። ፖስተር ግድግዳ ላይ የሚለጥፉበትን ሊጥ መሰል ማጣበቂያ በጥቂቱ ወስዳችሁ ጉድጓዱን ሙሉትና ፊቱን ለጥ አድርጉት። ስለቱንና ቦዩን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። በብዙ ዊስሎች ላይ ድምፁን ያረጋጋዋል፣ በተለይ የላይኛውን።

ከሌላ መሣሪያ ጋር አልስማማ ካለ መንፊያው ተጣብቆ ይሆናል። ያን ጫፍ ለአጭር ጊዜ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ሙጫው ሲላላ መንፊያው ይንቀሳቀሳል፣ ትንሽ ስትስቡት ድምፁ ይወርዳል። የፈላ ውኃ አይሁን፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። የድሮው ክላርክ ላይ ይህ አይሠራም፤ መንፊያውና ቱቦው አንድ ናቸው። ቀዝቃዛ ዊስል ዝቅ ብሎ እንደሚቃኝም አስታውሱ። ከመጫወታችሁ በፊት በእጃችሁ አሙቁት።

ስትነፉ ቆይታችሁ ድምፁ ድንገት ከታፈነ ምራቅ ነው። የመንፊያውን መስኮት (ስለቱ ያለበትን ክፍት ቦታ) በጣት ሸፍናችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ንፉ፣ ይወጣል። ቶሎ ቶሎ የሚደፈን ከሆነ በውኃ የቀጠነ የዕቃ ሳሙና ጠብታ ቦዩ ውስጥ ጨምሩና ሳታጥቡት ይድረቅ። ጥቂት ጊዜ የሳሙና ጣዕም ይኖረዋል፣ ምራቁ ግን ቦዩ ውስጥ መጠራቀሙን ይተዋል።